ድሪቶና ጥበብ
በቤት ውስጥ ስለሚደረግ የጨርቅ ሙከራ የቀረበ ንግግር



በአማርኛ ስለ ጨርቅ ከሚነገሩት ቃላት መካከል ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ብዙ ነገር ያሳያሉ። አንደኛው ድሪቶ ነው፤ ሁለተኛው ጥበብ ነው። ድሪቶ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈ የከበደ የችግረኛ ልብስ ነው፤ ቃሉም ከጨርቅ አልፎ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ ለተጻፈ ጽሑፍ መንቀፊያ ሆኖ ይሠራበታል። ጥበብ ደግሞ በአንድ ወገን ዕውቀትና ብልሃት ማለት ሲሆን፣ በሌላ ወገን በሀገር ልብስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚወጣው ጌጥ ስም ነው። እንግዲህ ቋንቋው የሸማኔውን ጌጥና የሊቁን ዕውቀት በአንድ ስም ሲያከብር፣ በየቤቱ ጓዳ ቁርጥራጭ የምታገጣጥመውን ሴት ሥራ ግን ከዚያ ማዕርግ ውጪ ትቶታል ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ አከፋፈል እንደገና ሊመረመር የሚገባው መሆኑን ማመልከት ነው። በቤት ውስጥ፣ በትርፍ ጨርቅ፣ በጥቂት መሣሪያ የሚሠራው ሥራ የችግር ምልክት ብቻ አይደለም፤ በትክክል ሲያዝ እውነተኛ ሙከራ ነው። ሙከራ ሲባልም እንዳሻ ቆርጦ እንዳሻ መስፋት ማለት አይደለም። ጨርቁ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል በእጅ ሥራ ጠይቆ መረዳት፣ የተረዱትንም ለሌላው ማስተላለፍ ማለት ነው።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆነው በአሜሪካ በስፋት የታወቀው ኩዊልት የተባለው የአልጋ ልብስ ሥራ ነው። ኩዊልት ሦስት ንጣፎች አሉት። የላይኛው ብዙውን ጊዜ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚሰፋው፣ ለዓይን የሚታየው ገጽ ነው፤ መካከለኛው ሙቀት የሚይዘው የጥጥ ወይም የሱፍ ሙሌት ነው፤ የታችኛው ገበሩ ነው። ሦስቱን እየወጋ የሚያያይዘው የመርፌ ስፌት ሙሌቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ በዚያውም በጨርቁ ፊት ላይ ጥላና ብርሃን የሚፈጥር መስመር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ጌጡና ጥቅሙ አይነጣጠሉም፤ ስፌቱ ቢጎድል ውበቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ይጎድላል። ጋቢ ለብሶ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጋቢ በአራት ንጣፍ የሚደረብበት ምክንያት ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ በንጣፎቹ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀቱን ይጠብቃል።

በዚህ ሙያ ስማቸው እጅግ ከገነነው መካከል በአላባማ ግዛት በዊልኮክስ አውራጃ የሚገኘው የጂስ ቤንድ መንደር ሴቶች ይገኛሉ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንደሩን የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን ዞሮ ይከበዋል። በ1816 ጆሴፍ ጂ የተባለ ባለርስት ባሪያዎቹን አስከትሎ ከሰሜን ካሮላይና በመምጣት የጥጥ እርሻ አቋቋመበት፤ በ1845 ርስቱ ማርክ ፔትዌይ ወደ ተባለ ሰው ተላለፈ። ከመንደሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ፔትዌይ በሚለው የቤተሰብ ስም መጠራታቸው የዚያ ዘመን አሻራ ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ ነዋሪዎቹ እኩል አራሾች ሆነው ቀሩ። በ1932 በዱቤ ዕቃ ያቀርብላቸው የነበረ ነጋዴ ሲሞት፣ ዕዳውን ለማስከፈል ከብቶቻቸው፣ የእርሻ መሣሪያቸውና እህላቸው ከየቤታቸው ተጋዘ።

እንደዚህ ባለ ኑሮ ውስጥ ነፋስ በሚያስገቡት የግንድ ቤቶች ልጆችን ከብርድ የሚያድነው ኩዊልት ነበር። ጨርቁ በእርሻ ላይ ያለቀ ሱሪ፣ ሸሚዝና ቀሚስ፣ እንዲሁም የዱቄት፣ የስኳርና የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። ከአሮጌ የሥራ ልብስ ላይ ኪስ ሲፈታ፣ ኪሱ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ ሳይለቅ ጠቆር ብሎ ይቀራል። በጂስ ቤንድ ኩዊልቶች ላይ ይህ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ጉድለት ተብሎ አልተደበቀም፤ ከንድፉ እንደ አንዱ ክፍል ሆኖ በግልጽ ተቀምጧል። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉት እናት ባለቤታቸው በሞቱ ጊዜ የሟቹን የሥራ ልብሶች ቆራርጠው፣ መታሰቢያ ይሆናቸው ዘንድ ኩዊልት ሰፉ። ያ ኩዊልት ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛል። በአማርኛው አነጋገር ድሪቶ ሊባል የሚችል ሥራ በአንዲት ታላቅ ሀገር መዘክር ውስጥ ከታላላቅ ሥዕሎች ጋር በክብር ተቀምጧል ማለት ነው።

የጂስ ቤንድ ሴቶች የአሠራር ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ ሴት በቤቷ ብቻዋን ትገጣጥመዋለች፤ ሦስቱን ንጣፎች የማያያዙ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች በአንድ ማሰሪያ ዙሪያ ተሰብስበው የሚሠሩት ነበር። የሐሳቡ ነፃነት የግል፣ ድካሙ የጋራ ነበር። ለንድፉም መነሻ የሚሆኑ የታወቁ ሥርዓቶች ነበሯቸው። ለምሳሌ የቤት ጣሪያ ተብሎ የሚጠራው ንድፍ ከመካከል በአንድ ቁራጭ ይጀምርና በዙሪያው ረጃጅም ቅዳጆች እየተጨመሩ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ደንቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን አንዷ የአንዱን ወገን ቅዳጅ ታሰፋዋለች፤ ሌላዋ መካከሉን ወደ ዳር ትገፋዋለች፤ ሦስተኛዋ ጨርቁ ባለቀበት ቦታ ቀለሙን በድንገት ትለውጣለች። በዚህ ዓይነት ከአንድ ደንብ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ብዙ ሥራዎች ይወለዳሉ። ሙከራ መሠረት የሚያስፈልገው መሆኑን ይህ በግልጽ ያስተምራል፤ የሚለወጥ ነገር እንዲኖር አስቀድሞ የታወቀ ነገር መኖር አለበት።

ከዚህ የሚቀጥለው የመንደሩ ታሪክ ለማኅበሩ አባላት ይበልጥ ጠቃሚ ነው። በ1966 ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ ቄስ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ዘመኑ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር የሚታገሉበት ነበርና፣ በ1962 መንደሩን ከአውራጃው ከተማ የሚያገናኘው ጀልባ ተቋርጦ ነበር፤ ጀልባው ወደ ሥራው የተመለሰው በ2006 ነው። ማኅበሩ ሥራውን በኒው ዮርክ መሸጥ ሲጀምር ለብዙ ቤተሰቦች ገቢ አስገኘ። ይሁንና የታላላቅ መደብሮች ትእዛዝ አንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ዓይነት ንድፍና ስሕተት የሌለው ስፌት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በየቤቱ የነበረው ነፃ አሠራር በማኅበሩ የሥራ ገበታ ላይ ብዙ ቦታ አላገኘም።

በ1972 ሲርስ የተባለው ድርጅት ኮርዶሮይ ከሚባለው ወፍራምና ባለ መስመር ጨርቅ የሚሠሩ የትራስ ልብሶችን አዘዘ። ትእዛዙ ሲሠራ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ወደ የቤቱ ሄደ። ኮርዶሮይ ወፍራም በመሆኑ በትንንሹ ተቆርጦ ሲገጣጠም ስፌቱ ያብጣል፤ መርፌም አያሳልፍም። ስለዚህ ሴቶቹ ትንንሽ ቁራጮችን ትተው ሰፋፊና ቀጥተኛ ቅርጾችን ያዙ። የጨርቁ መስመሮችም በአንዱ ቁራጭ ላይ ወደ ታች፣ በሌላው ላይ ወደ ጎን ሲሆኑ አንዱ ቀለም ሁለት መስሎ እንደሚታይ ተገነዘቡ። በኋላ የሥነ ጥበብ ሐያስያንን ያስደነቁት ደፋርና ሰፋፊ ንድፎች ከፊሎቹ የተገኙት ከዚሁ ነው። አዲሱ ዘዴ አዲስ ለመሆን ከመመኘት የመጣ አይደለም፤ ጨርቁ አሮጌውን ዘዴ በመከልከሉ የመጣ ነው። በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የታዩት ሥራዎች መንደሩን በዓለም አሳወቁት፤ በ2006 አሥር ኩዊልቶች በአሜሪካ የፖስታ ቴምብሮች ላይ ታተሙ።

ነገር ግን ዝና ሁሉ ጥቅም አይደለም። በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው ከተገኘው ገንዘብ ተገቢ ድርሻችን አልተከፈለንም በማለት ክስ አቀረቡ፤ ጉዳዩም በ2008 በስምምነት አለቀ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለዱት ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች ከጨርቅ ላይ ጨርቅ እየለጠፉ ያሳዩበትን ኩዊልት በ1886 በአቴንስ ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ አቅርበው ነበር። አንዲት የሥዕል መምህር ልግዛው ቢሏቸው አልሸጥም አሉ። በ1891 ግን ችግር በመጽናቱ አሥር ዶላር ጠይቀው በአምስት ዶላር ሸጡት። ሥራው ዛሬ በስሚዝሶንያን ተቋም ውስጥ ካሉት ውድ ቅርሶች አንዱ ነው። ይሁንና ገዢዋ አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ ፓወርስ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል የሰጡትን ማብራሪያ ጽፈው አስቀርተዋል። ያ ጽሑፍ ባይኖር ጨርቁ ይቀር ነበር እንጂ ዕውቀቱ አይቀርም ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል። በገጠርና በከተማ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ድሩን ዘርግቶ ማጉን የሚወረውረው ግን በአብዛኛው ወንድ ሸማኔ ነው። የነጠላው ልስላሴ የሚወሰነው በፈትሉ ቅጥነትና እኩልነት ሆኖ ሳለ፣ የሚመሰገነው ብዙውን ጊዜ ጥለቱ ነው። ፈታይዋ ስለ ጥጥ ጠባይ፣ ስለ ክር ጥንካሬ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ድርቀት የምታውቀው ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በጽሑፍ የሰፈረው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ተራ የሆነው ነገር ወደ ሥነ ጥበብ ሊያድግ እንደሚችል ያሳዩ ኢትዮጵያውያን አሉ። የዞማ ሙዚየም መሥራቾች ከሆኑት አንዱ የሆነው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ክርን፣ ቁልፍንና ከመርካቶ የተገዙ አሮጌ ዕቃዎችን በመርፌና በትዕግሥት አያይዞ የሠራቸው ሥራዎች በውጭ ሀገር ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል። መርፌና ክር የጓዳ መሣሪያ ብቻ አለመሆናቸው በዚህም ይታወቃል።

እንግዲህ የማኅበሩ አባል የሆነች አንዲት ባለሙያ በቤቷ ውስጥ የሀገር ሽመናን ከኩዊልት ዘዴ ጋር ለማገናኘት ብትፈልግ፣ ሥራውን በምን ሥርዓት ትጀምረው? በጂስ ቤንድ እንደታየው ጨርቁን በመጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መሰብሰብ ነው። የእጅ ሽመና ጥጥና ቴትሮን የሚባለው የፋብሪካ ጨርቅ ውሃ ሲነካቸው እኩል አይሰበሰቡም። ሁለቱ ሳይፈተኑ አብረው ቢሰፉ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ አንዱ ይጨማደዳል፤ ሌላው ይነፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓይነት 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ተቆርጦ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ደርቆም ይለካ። ናሙናው 19 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከመቶ አምስት እጅ ተሰብስቧል፤ ይኸው ጨርቅ ሳይታጠብ በ2 ሜትር የአልጋ ልብስ ላይ ቢገባ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳጥረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጨርቁ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀለም ነው። ባለ ቀለም ቁራጭ ከነጭ እራፊ ጋር በሞቀ የሳሙና ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ነጩ ከተበከለ ያ ቁራጭ ከነጠላ አጠገብ መግባት የለበትም። በቤት ውስጥ ቀለም መንከር የምትሞክር ባለሙያም ጥጥ እንደ ሱፍ የዕፅዋትን ቀለም በቀላሉ እንደማይቀበል ማወቅ ይገባታል። ጥጡን አስቀድሞ ታኒን ባለበት በወፍራም ሻይ፣ ቀጥሎ ሸብ በተባለው ማዕድን ውሃ ከነከሩት በኋላ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቢቀቅሉት ቀለሙ የተሻለ ይይዛል። እርድ ወዲያውኑ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፀሐይ ፈጥኖ ያጠፋዋል። ማቅለሚያው ድስትም ዳግመኛ ለምግብ ማብሰያ መዋል የለበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጠርዝ ነው። የነጠላ ሽመና ልል ስለሆነ ሲቆረጥ በቶሎ ይተረተራል። በፋብሪካ ጥጥ ላይ ለስፌት የሚተወው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ለዚህ አይበቃም፤ እስከ 15 ሚሊ ሜትር መተው፣ ከሥሩም ስስ አቡጀዲ መደገፍ ይሻላል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ቁራጮች ሁሉ በድርና በማጉ አቅጣጫ ቢቆረጡ ገጹ ሳይጣመም ይቆያል።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ሙሌት ነው። ባዘቶ ብቻውን ከገባ ስፌቱ ተቀራራቢ ካልሆነ በአጠባ ጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይከማቻል። ያረጀ ጋቢ ግን በሽመና የተያያዘ በመሆኑ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ በሰፋፊ መስመር ለመስፋት ይመቻል። ከዚህም የተነሣ ለልብስነት ያረጀው ጋቢ ለሙሌትነት አዲስ አገልግሎት ያገኛል።

በእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ ሁለት ደንቦች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ጨርቁም ክሩም ቀለሙም በአንድ ላይ ከተለወጡ ውጤቱ መልካምም ይሁን መጥፎ ምክንያቱ አይታወቅም። ሁለተኛው፣ የተበላሸውን ናሙና አለመጣል ነው። ናሙናው በወረቀት ላይ ተሰፍቶ ቀኑ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የተደረገበት ነገርና የታጠበበት ብዛት ከጎኑ ቢጻፍ፣ ያልተሳካው ሥራ ለሚቀጥለው ሰው መንገድ ጠቋሚ ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፤ ሊተካ የማይችል አሮጌ ጥለት መቀስ ከመንካቱ በፊት ንድፉ በወረቀት ላይ ይገልበጥ፣ ፎቶግራፉም ይነሣ። ሙከራ የሚደረገው በትርፍ ጨርቅ እንጂ በቅርስ ላይ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር የሥራው ባለቤትነት ነው። የጂስ ቤንድና የሃሪየት ፓወርስ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ በቤት ውስጥ የተገኘ ዕውቀት ስምና ዋጋ ካልተሰጠው ሌላው ስም ይሰጠዋል፤ ሌላው ዋጋ ይቆርጥለታል። በ2015 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበባት መሥሪያ ቤት ሜሪ ሊ ቤንዶልፍን፣ ሉሲ ሚንጎንና ሎሬታ ፔትዌይን በከፍተኛው የባህላዊ ሙያ ሽልማት ሲያከብር፣ ሴቶቹ መርፌ ከያዙ ብዙ አሥርታት አልፈው ነበር። ክብሩ መምጣቱ መልካም ነው፤ ዘግይቶ መምጣቱ ግን ትምህርት ሊሆን ይገባዋል። እያንዳንዱ ሥራ በገበሩ ላይ የሠሪዋ ስም፣ ቦታውና ዓመቱ ቢሰፋበት፣ ንድፍ የሰጠችውና መርፌ የወጋችው በተለያዩ ጊዜ ሁለቱም ቢጠቀሱ፣ ለትእዛዝ ሥራም ዋጋው በቁራጭ ብዛት ሳይሆን በፈጀው ሰዓት ጭምር ቢታሰብ፣ የሙያ ማኅበር ለአባላቱ ከሚያደርገው አገልግሎት አንዱ ይህ ይሆናል። የናሙና መዛግብቱንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም።

ድሪቶ የሚለው ቃል ከአማርኛ አይጠፋም፤ መጥፋትም አያስፈልገውም። ነገር ግን ቃሉ ሲነገር ብርድን በብልሃት ያሸነፈች እናት፣ የፈታችውን ኪስ ጥላ በንድፍ ውስጥ ያስቀመጠች ሰፊ፣ ጨርቁ እንቢ ሲላት አዲስ መንገድ የፈለገች ባለሙያ አብራ ልትታሰብ ይገባል። ያን ጊዜ በጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ያለው ጥፍም በሙሉ መብቱ ጥበብ ተብሎ ይጠራል።